የምትሐተኛው ደብዳቤ፤ የሃሪ ሁዲኒ የሕይወት ታሪክ በአጭሩ

በአገራችን ሰው ስለ ራሱ ሊናገር ሲነሣ ሁለት ምሳሌዎች ከግራና ከቀኝ ይይዙታል። አንዱ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይለዋል። ሌላው ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይለዋል። ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ ለመፈለግ ማመልከቻ መጻፍ ስንጀምር ሁላችንም በእነዚህ በሁለቱ መካከል መቆማችን አይቀርም። ብዙ ብንል ጉረኛ እንባላለን፤ ጥቂት ብንል ማንም አያየንም። ስለዚህ እንጀራውን በሙሉ በደብዳቤና በማስታወቂያ አስጠርቶ ያገኘውን፣ ከድሃ ቤት ተነሥቶ ዝናው ዓለምን ያዳረሰውን የሃሪ ሁዲኒን ታሪክ ለጓደኞቼ ማቅረብ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ቃል እናጥራ። ብዙዎቻችን እንደዚህ ያለውን ሰው አስማተኛ እንለዋለን። አስማት ግን በግዕዝ ስም ለሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ነው፤ ትርጓሜው ስሞች ማለት ነው። ደብተራው በክታቡ ላይ የሚጽፋቸው ኅቡዓት ስሞች ኃይል አላቸው ተብሎ ስለሚታመን ጥበቡ በዚያው ተጠራ። የሁዲኒ ዝና ግን የቆመው በእንዲህ ያለ ኃይል ላይ አልነበረም። የእሱ ሥራ እጅን ማፍጠን፣ ቁልፍን ማወቅና ዐይንን ማታለል ነበረ። ይኸውም ምትሐት የምንለው ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ሰውዬው በኋላ ዘመኑ የተዋጋው ስለዚሁ ልዩነት ነውና።

ሁዲኒ የተወለደው ማርች 24 ቀን 1874 በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያ ስሙ ኤሪክ ቫይስ ይባላል። አባቱ የአይሁድ ሃይማኖት መምህር፣ ማለትም ረቢ ነበሩ። ቤተ ሰቡ በ1878 ወደ አሜሪካን አገር ተሻግሮ አፕልተን በምትባል የዊስኮንሲን ከተማ ተቀመጠ። አባትዮው ግን እንግሊዝኛ የማይሆንላቸው፣ የቀድሞውን ሥርዐት አጥባቂ ሰው ስለ ነበሩ ምእመናኑ ብዙም ሳይቆዩ አሰናበቷቸው። ከዚያ በኋላ ያ ቤት ድህነት ገባበት። ልጁ ጋዜጣ አዞረ፤ ጫማ ጠረገ፤ ኒው ዮርክ ከገቡም በኋላ በከረባት ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ሆኖ ተቀጠረ። አባቱ በ1892 ሲሞቱ እናቱን የመርዳት ዕዳ በትከሻው ላይ ወደቀ። እናቱን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ እንደ ንግሥት ነበር የሚያያቸው።

በከረባት ፋብሪካው ሳለ የታወቀውን የፈረንሳይ ምትሐተኛ የሮበር ኡዳንን የሕይወት ታሪክ አነበበና ልቡ ተማረከ። አንድ ጓደኛው በፈረንሳይኛ በስም መጨረሻ ላይ «ኢ» ሲጨመር የዚያ ሰው አምሳያ ማለት ይሆናል ብሎ ነገረው። ነገሩ ስሕተት ነበረ፤ ስሙ ግን ጸና። እነሆ ኤሪክ ቫይስ ሁዲኒ ተባለ። በ1891 ፋብሪካውን ትቶ በመጀመሪያ ከዚሁ ጓደኛው ጋራ፣ ቀጥሎም ከወንድሙ ጋራ ትርኢት ማሳየት ጀመረ። በ1894 ቤስ የምትባል ወጣት አገባ፤ እርሷም ሚስቱም የሥራ ባልደረባውም ሆነች። ከሁሉ የሚበልጠው ትርኢታቸው አንደኛው እጁ ታስሮ በከረጢት ተቋጥሮ በሣጥን ውስጥ ከተቆለፈበት በኋላ፣ መጋረጃው ተጋርዶ ሦስት ጊዜ እስኪጨበጨብ ድረስ ብቻ፣ ውጭ የነበረችው በሣጥኑ ውስጥ ታስራ ስትገኝ ታሳሪው ውጭ ቆሞ የሚታይበት ነበረ።

ትርኢቱ ይህን ያህል ቢያስደንቅም ጠሪ አልነበራቸውም። በዚያን ጊዜ ልዩ ልዩ ጨዋታ የሚታይባቸው ቲያትር ቤቶች በአሜሪካን አገር በየከተማው ነበሩ። ወኪል የሌለው ተጫዋች ሥራ የሚያገኘው ለየሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ በመጻፍ ነው። ደብዳቤው በአናቱ ላይ የተጫዋቹ ሥዕል የታተመበት፣ የሚያሳየውን የሚዘረዝር፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ ምስጋና የተያያዘበት፣ ሥራ ያልተያዘባቸውን ሳምንቶችና ዋጋውን የሚገልጽ ነው። ሥራ አስኪያጁም እንዲህ ያለውን ወረቀት በየቀኑ በክምር ይቀበላል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንደሚባለው፣ በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ንጉሥ ያልሆነ ምትሐተኛ አልነበረም። ሁዲኒም በበኩሉ የካርታ ንጉሥ ነኝ ብሎ አሳተመ። ሁሉም ንጉሥ በሆነበት አገር ግን ንጉሥነት ማንንም አያስነሣም።

ስለዚህ ባልና ሚስቱ በርካሽ ዋጋ ጉድ በሚታይባቸው አዳራሾች በቀን እስከ ሃያ ጊዜ ድረስ ሲጫወቱ፣ ከሰርከስ ጋራም ሲዞሩ ከረሙ። በ1898 ተስፋው እጅግ ስለ ተመናመነ የምትሐት ትምህርት ቤት እከፍታለሁ፣ የምትሐት ዕቃና ምስጢርም እሸጣለሁ የሚል ካታሎግ አሳትሞ እስከ መበተን ደረሰ። ገዢ አልጎረፈለትም። በዚህ ጊዜ ሰውዬው ሃያ አራት ዓመቱ ነበረ፤ ከብዙዎቻችን ዕድሜ የማይርቅ ማለት ነው።

ነገሩ የተለወጠው ሁዲኒ ምስጋናውን ከራሱ ብዕር ወደ ሌላ ሰው ብዕር ባዛወረ ጊዜ ነው። አዲስ ከተማ ሲገባ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቲያትር ቤቱ ሳይሆን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሆነ። ጋዜጠኞች ባሉበት በራሳችሁ ካቴና እሰሩኝ ይላቸዋል። ያስሩታል፤ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ያዩትን በጽሑፍ እንዲመሰክሩለትና እንዲፈርሙለት ይጠይቃል። ያንን ፊርማ ያለበት ወረቀት እያሳተመ ከማስታወቂያው ጋራ ማሰራጨት ጀመረ። እኔ ታላቅ ነኝ ከሚል ገጽ ይልቅ የአንድ ፖሊስ ሹም አጭር ቃል የበለጠ ሚዛን ደፋ።

በዚህም ቢሆን መሰናክል አላጣውም። በጃንዋሪ 1899 ቺካጎ ላይ ፖሊሶቹ ካሰሩት ካቴና ቢያመልጥም ከጋዜጠኞቹ አንዱ ሰውዬው አስቀድሞ እስር ቤቱን ሲጎበኝ እንደ ነበረ፣ ስለዚህም ቁልፉን አይቶ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይሄድ ነበር። ሁዲኒ ግን ልብሴን አውልቁና ፈትሹኝ፣ ከዚያ እንደገና እሰሩኝ አለ። እንደ ጠየቀው አደረጉ፤ እሱም እንደገና ወጣ። ጋዜጣውም ወሬውን ከነሥዕሉ አወጣለት። ጥርጣሬውን በክርክር ሳይሆን ከበፊቱ በከበደ ፈተና መለሰው ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በሴንት ፖል ከተማ በአንድ ቢራ ቤት ሲጫወት ማርቲን ቤክ የሚባል የቲያትር ቤቶች ኃላፊ አየው። ቤክ ካቴናዎች ይዞ መጥቶ ሞከረው፤ ሁዲኒም ፈታቸው። ጥቂት ቆይቶ ከቤክ ቴሌግራም ደረሰው። ማርች 26 ቀን ኦማሃ ላይ ቦታ እንዳለ፣ ክፍያው 60 ዶላር እንደ ሆነ፣ ትርኢቱን ካየ በኋላም ለሚቀጥለው ወቅት በሙሉ ውል ሊሰጠው እንደሚችል የሚገልጽ ነበረ። ሁዲኒ ያን ወረቀት አስቀምጦ የሕይወቱን ጉዞ የለወጠው እሱ መሆኑን በኋላ ጽፎበታል። ልብ በሉ፤ በዚያ ቴሌግራም ውስጥ አንድም የምስጋና ቃል የለም። ቀን፣ ቦታ፣ ዋጋና ሁኔታ ብቻ ነው ያለው። ለዓመታት ያማረ ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረው ሰው የተለወጠበት ወረቀት እንዲህ ያለ ደረቅ ወረቀት ነበረ። ቤክ ከዚህ ሌላ አንድ ምክር ሰጠው። ጥቃቅኑን ነገር ሁሉ ትቶ ካቴናውንና የሣጥኑን ትርኢት ብቻ እንዲይዝ ነገረው። ሁሉን እችላለሁ ማለት አንድ ነገር እችላለሁ ከማለት ያነሰ መሆኑን ሁዲኒ ያን ጊዜ ተማረ።

በ1900 የጸና ውል ሳይኖረው ባሕር ተሻግሮ ወደ ሎንዶን ሄደ። የአልሐምብራ ቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ የስኮትላንድ ያርድን ካቴና ከፈታህ እቀጥርሃለሁ እንዳለው ይነገራል። የእንግሊዝ ፖሊሶች እጁን በምሰሶ ዙሪያ አሥረው ሊሄዱ ሲሉ አብሯቸው ለመሄድ ተነሣ ይባላል። ጥቂት ቢጋነንም እንኳ ውሉን ማግኘቱና በአልሐምብራ መድመቁ እርግጥ ነው። ከዚያ ጀርመን ገባ። በኮሎኝ ከተማ ቬርነር ግራፍ የሚባል ፖሊስ ሁዲኒ አጭበርባሪ ነው ብሎ በጋዜጣ ቢያወጣበት ስም አጥፍቷል ብሎ ከሰሰው። በ1902 በችሎቱ ፊት ቁልፍ እየፈታ አሳይቶ ረታ። ፍርዱንም ወዲያው የማስታወቂያው ሥዕል አደረገው። በዚያን ዘመን የጀርመን ፍርድ ቤት የመሰከረለት ምትሐተኛ ከእርሱ በቀር ማን ነበር?

ከዚህ በኋላ የሁዲኒ ብልኀት ወደ ፍጻሜው ደረሰ። እሱ ለሰው ደብዳቤ መጻፉን ቀነሰ፤ ሰው ለእሱ ይጽፍለት ጀመር። በየከተማው የአንድ ፋብሪካ አናጢዎች ወይም ሠራተኞች በስማቸው ፈርመው፣ እኛ በምንሠራው ሣጥን ውስጥ በሚስማር እንምታህና ውጣ እስቲ ብለው ይጽፉለታል። እሱም ደብዳቤውን እንዳለ አሳትሞ፣ ቀኑንና ቲያትር ቤቱን ጨምሮበት፣ በራሪ ወረቀት አድርጎ በከተማው ይበትናል። የሣጥኑ ሠሪዎች ዘመድ፣ ጎረቤትና ባላንጣ ሁሉ በዚያ ሌሊት አዳራሹን ይሞላዋል። ከእነዚህ ግጥሚያዎች ሁሉ የሚበልጠው ማርች 17 ቀን 1904 በሎንዶን ሂፖድሮም የተደረገው ነው። ዴይሊ ኢለስትሬትድ ሚረር የተባለው ጋዜጣ አንድ የበርሚንግሃም አንጥረኛ አምስት ዓመት የደከመበትን ካቴና ይዞ ቀረበ። አራት ሺህ የሚያህል ሕዝብ እያየ ሁዲኒ ከአንድ ሰዓት በላይ ታገለ። በመካከሉ ካፖርቴን እንዳወልቅ ለጊዜው ፍቱኝ ብሎ ቢለምን እንቢ አሉት። ያን ጊዜ ሰንጢ ከኪሱ አውጥቶ በጥርሱ ይዞ ካፖርቱን ቦጫጭቆ ከላዩ ጣለ። ሕዝቡ አበደ። በመጨረሻም ካቴናውን በእጁ ይዞ ብቅ አለ።

እዚህ ላይ የመንዙ ሰው ፉከራ ትዝ ይለኛል። ከመሐል ሜዳ የመጣን ልጆች ከሕፃንነታችን ጀምሮ ራስን ማመስገን ነውር ነው እየተባልን ያደግን ነን። ነገር ግን በዚያው አገር በሰርጉ ቤት ዘራፍ ብሎ የሚነሣውን ሰው ማንም ጉረኛ አይለውም። ለምን ቢባል ፎካሪው አባቱን፣ የዋለበትን ቦታና የጣለውን ጠላት ሲቆጥር አብረውት የዋሉት ሰዎች እዚያው ተቀምጠው ይሰሙታል። የአምስቱ ዓመት አርበኛ ሲፎክር ከጎኑ የነበረው አርበኛ ይሰማዋል። ያልሠራውን ቢቆጥር መሣቂያ ይሆናል። ስለዚህ ፉከራ ራስን ማመስገን ሳይሆን በምስክር ፊት ሒሳብ ማስረከብ ነው። የሁዲኒም የግጥሚያ ወረቀት የዚሁ ዘመድ ሆኖ ይታየኛል።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሳንደብቅ እንናገር። ስለ ሁዲኒ የጻፉ ብዙ ሰዎች ከግጥሚያዎቹ አንዳንዶቹ አስቀድሞ በስምምነት የተዘጋጁ እንደ ነበሩ ይጠረጥራሉ፤ የሎንዶኑም ግጥሚያ ከዚህ ጥርጣሬ አላመለጠም። የትውልድ ቦታውንም ቢሆን ቡዳፔስት መሆኑን ትቶ አፕልተን እያለ ሲናገር ኖሯል። ስሙን በወሰደበት በሮበር ኡዳን ላይም በ1908 የሚያዋርድ መጽሐፍ አሳትሞ ብዙዎችን አስቀይሟል። እንግዲህ ሰውዬው ቅዱስ አልነበረም። ምስክር ኃይል እንዳለው ያወቀ ሰው ምስክር ለመሥራትም ይፈተናል። ይህ አደጋ የማስታወቂያ ሁሉ አደጋ ነው።

በቀሩት ዓመታት ትርኢቱ እየከበደ ሄደ። በ1908 ውኃ ከሞላበት ትልቅ የብረት የወተት ጋን፣ በ1912 በርሊን ላይ ደግሞ ቁልቁል ተሰቅሎ ከሚገባበት የመስተዋትና የውኃ ሣጥን መውጣት ጀመረ። በ1910 በአውስትራሊያ በአውሮፕላን በመብረር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። እጅጌው የረዘመ የእብድ ማሰሪያ ጃኬት ለብሶ ከጋዜጣ ማተሚያ ሕንፃዎች ላይ እግሩን ተንጠልጥሎ በአደባባይ ሲፈታ በነፃ የሚያየው ሕዝብ መንገዱን ይዘጋው ነበረ። ጋዜጣው በደጁ የተደረገውን ነገር አላይም ሊል አይችልም፤ በነፃ ያየውም ሰው ማታ ገንዘብ ከፍሎ ይገባል።

እናቱ በ1913 ሲሞቱ አውሮፓ ነበረ። ኀዘኑ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። በዚያን ጊዜ፣ ይልቁንም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከሙታን ጋራ እናነጋግራለን የሚሉ ሰዎች በአሜሪካንና በእንግሊዝ በዝተው ነበር። ልጃቸው የሞተባቸው ወላጆች ገንዘባቸውን ይዘው ይጎርፉላቸዋል። የሸርሎክ ሆልምስ ደራሲ ኮናን ዶይል ከነሚስቱ በዚህ የሚያምን የሁዲኒ ወዳጅ ነበረ። በ1922 አትላንቲክ ሲቲ ላይ የዶይል ሚስት የሁዲኒ እናት መንፈስ አድሮብኛል ብለው ብዙ ገጽ የሆነ ደብዳቤ ጻፉለት። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነበረ፤ በአናቱም የመስቀል ምልክት ተደርጎበታል። የሁዲኒ እናት ግን እንግሊዝኛ አይችሉም፤ የረቢ ሚስት መስቀል አያደርጉም። በሕይወቱ ከሁሉ ይልቅ ሊያምነው የፈለገው ደብዳቤ ይህ ነበረ፤ ነገር ግን ምስክር አልነበረውም። ወዳጅነታቸው በዚሁ ምክንያት ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ ሁዲኒ ለመናፍስት ጠሪዎች ጠላት ሆነ። ሳይንቲፊክ አሜሪካን የተባለው መጽሔት እውነተኛ የመንፈስ ሥራ ላሳየ ሰው 2,500 ዶላር ለመሸለም ባቋቋመው ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ በ1924 ማርጀሪ የተባለችውን የቦስተን ሴት አጋለጠ። በ1926 ዋሽንግተን ሄዶ በገንዘብ ጥንቈላን የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ በምክር ቤት ፊት መሰከረ። እኔ አታልላለሁ፣ ነገር ግን እንደማታልል አስቀድሜ እነግራችኋለሁ፤ እነርሱ ግን ያታልሉና እውነት ነው ይላሉ ነበር ክርክሩ። በካቴናው ላይ የጠየቀውን ፈተና ከእነርሱም ጠየቀ።

አሟሟቱ ከእኛ ከተማሪዎች ጋራ ይገናኛል። በኦክቶበር 1926 በካናዳ አገር በሞንትሪያል ሳለ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማኅበር አዳራሽ ስለዚሁ ስለ መናፍስት ጠሪዎች ንግግር አደረገ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተማሪዎች በቲያትር ቤቱ የልብስ መለወጫ ክፍል ሊጠይቁት መጡ። ከመካከላቸው አንዱ በሆድህ ላይ ቡጢ ትችላለህ ወይ ብሎ ጠየቀውና ሁዲኒ ተጋድሞ ሳለ ጡንቻውን ሳያጠነክር ደጋግሞ መታው። ሁዲኒ ሕመሙን ችሎ ወደ ዲትሮይት ሄዶ ትኩሳት እያቃጠለው ተጫወተ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ መርዙ ሆዱን መልቶት ነበርና ኦክቶበር 31 ቀን 1926 በ52 ዓመቱ ዐረፈ። ቡጢው ገደለው ወይስ ሕመሙ ቀድሞ ነበረበት በሚለው ሐኪሞች አልተስማሙም። ዕድሜውን በሙሉ ፈተና የሚመጣለት በደብዳቤ፣ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ይህኛው ግን ሳይጽፍ መጣ።

ሁዲኒ ለሞቱም ፈተና ትቶ ነበር። ከሞት በኋላ መናገር የሚቻል ከሆነ ይህን ቃል እልክልሻለሁ ብሎ ከሚስቱ ጋራ ምስጢር ተስማማ። ቤስ ዐሥር ዓመት ጠበቀች። በ1936 ሆሊውድ ላይ በአንድ ሆቴል የመጨረሻውን ሙከራ አድርጋ መልስ ባጣች ጊዜ አበቃ አለች። መጻሕፍቱ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ሲሆኑ በኑዛዜው መሠረት ለአሜሪካን ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተሰጡ።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምንወስደው ነገር ካለ ይህ ይመስለኛል። እኛም በቅርቡ ማመልከቻ እንጽፋለን። ትጉህ ነኝ፣ ቅን ነኝ፣ ኃላፊነት ይሰማኛል ብለን ብንደረድር የካርታ ንጉሥ ከመባል አያልፍም፤ በክምሩ ውስጥ እንዲህ የማይል ወረቀት የለምና። ይልቁንስ ይህን በዚህ ቀን በዚህ ቦታ ሠርቻለሁ፣ እገሌ አይቷል፣ ካልታመንሁም ፈትኑኝ ብንል አንባቢው ወረቀቱን ለመጣል ይከብደዋል። ይህን ለማለት ግን አስቀድሞ የሠራነው ነገር ሊኖር ይገባል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ነው። የምስክሩንም ፊርማ በዝምድና ወይም በምልጃ ያገኘነው ከሆነ፣ ደብዳቤው በሩን ቢያስከፍትልን እንኳ በሩ ውስጥ የሚጠብቀንን ካቴና አይፈታልንም።